ከቦሌ እስከ ላሊበላ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ደቂቃ፣ ቀን በቀን

ዋዜማ

ጉዞው አራት በረራ አለው። ከቦሌ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላ፣ በመጨረሻም ከላሊበላ ወደ ቦሌ መመለስ። ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት የአራቱንም ርቀትና ደቂቃ በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የቀኑ ውሎ የሚታቀደው በእነዚህ ቁጥሮች ነው፣ ትኬቱ ላይ ያለው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ብቻውን ደግሞ ስለ ቀኑ ብዙም አይናገርም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት የርቀት ማስሊያዎች አንዳንዴ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። አንዱ የሚለካው ከከተማ መሃል ተነስቶ ነው፣ ሌላው ከአውሮፕላን ማረፊያው መንደርደሪያ። የላሊበላ ከተማና ማረፊያው በቀጥታ መስመር እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ ልዩነቱ እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቁጥሩን ራስ ማስላት ግን ከባድ አይደለም። የቦሌ ማረፊያ በ8.98 ዲግሪ ሰሜንና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ የባሕር ዳሩ በ11.61 ዲግሪ ሰሜንና በ37.32 ዲግሪ ምሥራቅ። የኬክሮሱ ልዩነት 2.63 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል ስለሆነ ይህ 158 ማይል ይሆናል። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.48 ዲግሪ ሲሆን፣ ኬንትሮስ ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በ60 ከተባዛ በኋላ በ0.984 (በመስመሩ መካከል ባለው ኬክሮስ ኮሳይን) ይባዛል፤ 87 ማይል። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ጎን ሁለት ጎኖች ወስዶ ሦስተኛውን መፈለግ ነው፤ 180 ማይል ይመጣል። በ1.852 ሲባዛ 333 ኪሎ ሜትር።

በዚሁ መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደር 102 ኪሎ ሜትር፣ ከጎንደር ላሊበላ 179፣ ከላሊበላ ቦሌ 332 ይሆናል። መጀመሪያውና መጨረሻው በረራ በአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ መለያየታቸው ልብ ይባል፤ በደቂቃ ግን እኩል አይደሉም፣ ለምን እንደሆነ የመመለሻው ቀን ላይ ይመጣል።

ወደ ደቂቃ ለመለወጥ ብዙ ሰው ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ያካፍላል። በአገር ውስጥ መስመር ላይ በብዛት የሚሠራው ዳሽ 8 ኪው-400 ሲሆን፣ ይህ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ከፍተኛው የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው። 333 ለ667 ሲካፈል ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ትኬቱ ላይ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው፤ በአየር ላይ ያለው ጊዜ ደግሞ ጎማው መሬት ከለቀቀ እስኪነካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአጭር በረራ ትልቅ ነገር ነው። ወደ መንደርደሪያው መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣት፣ መውረድ፣ ለማረፍ መዞር፣ ወደ መቆሚያው መመለስ አሉ፤ 100 ኪሎ ሜትርም ይሁን 500 እነዚህ ደቂቃዎች ብዙም አይቀንሱም።

ለዚህ መስመር የሚሠራው ቀላል ስሌት ይህ ነው፦ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስዶ ለ10 ማካፈል፣ ከዚያ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መጨመር። ባሕር ዳር 55 ደቂቃ፣ ጎንደር ከባሕር ዳር 32፣ ላሊበላ ከጎንደር 40 ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማስሊያዎች ብዙ ጊዜ የጄት ፍጥነት ይዘው ስለሚያሰሉ ለፕሮፔለር አውሮፕላን ያሳጥሩታል። በዚህ መስመር ቦይንግ 737 የሚመደብበት ቀንም አለ፤ ያኔ እንኳ ባሕር ዳር ድረስ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ጄቱ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ሳይቆይ መውረድ ይጀምራልና።

የዋዜማው ሌላ ሥራ ትኬቱን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። የትኬት ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 መቀነስ ነው። 07:20 ማለት ከጠዋቱ 1:20 ነው፤ 13:10 ከቀኑ 7:10፤ 17:45 ከቀኑ 11:45። ጥፋት የሚበዛው ከ7 እስከ 12 ባሉት ቁጥሮች ላይ ነው፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተለመዱ ስለሆኑ። 07:20ን «ሰባት ሰዓት ከሃያ» ብሎ ያነበበ ሰው ማረፊያው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከአራትና ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ለሌላ ሰው ሰዓቱን በስልክ ሲነግሩ «ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ» ብሎ ጠዋት የሚለውን ቃል መጨመር ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ቀኑም የፈረንጅ ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ቢሆንም ትኬቱ ላይ የሚገኘው በ19 ጃንዋሪ ነው፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ በ20።

ስምም እንዲሁ። ትኬቱ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ ላቲን ፊደሉ ደግሞ በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ስም በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል፣ ትኬት የሚቆርጠው ሰው በቃል ሰምቶ ከሚጽፍ መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ መላክ ይሻላል። አንድ ፊደል የጎደለ ስም ቆጣሪው ፊት ከመስተካከል ከሁለት ቀን በፊት ቢስተካከል ይቀላል።

የሻንጣውን ክብደት በቤት ሚዛን መመዘን፤ የተፈቀደው ኪሎ ትኬቱ ላይ ተጽፏል። የኪው-400 የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ትንሽ ነው፤ ጠንካራ ባለ ጎማ የእጅ ሻንጣ ብዙ ጊዜ አይገባም፣ አውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ተወስዶ ከታች ይጫናል። ስለዚህ መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ገንዘብና ሰነድ በትንሽ ለስላሳ ቦርሳ ተለይቶ መያዝ አለበት። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሞከር ተገቢ አይደለም፤ ፍተሻ ላይ ይያዛል።

1ኛ ቀን፦ ከቦሌ ባሕር ዳር

የሚመረጠው የጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ ነው። አንድ አውሮፕላን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ጠዋት አንድ ቦታ ላይ ያጣው 20 ደቂቃ ወደ ሚቀጥለው በረራ ይተላለፋል፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያው በረራ ግን ሌሊቱን መሬት ላይ ባደረ አውሮፕላን ነው የሚነሳው።

ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ተርሚናሉ በር ላይ መገኘት ትክክለኛው ሂሳብ ነው። ወደ ሕንፃው ሲገባ አንድ ፍተሻ አለ፣ ከቼክ-ኢን በኋላ ሌላ። ቀበቶ፣ ጫማ፣ ሰዓት ይወልቃል። ቼክ-ኢን ላይ ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ታግ አይቶ ማረጋገጥ ሰከንድ አይፈጅም፦ ለባሕር ዳር ቢ-ጄ-አር፣ ለጎንደር ጂ-ዲ-ኪው፣ ለላሊበላ ኤል-ኤል-አይ የሚሉ ሦስት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው። በአንድ አውሮፕላን ባሕር ዳር ወርደው ጎንደር የሚቀጥሉ መንገደኞች በሚኖሩበት ቀን፣ የተሳሳተ ታግ ማለት ሻንጣው ቀድሞ ጎንደር ገባ ማለት ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በመደበኛው የአየር ስሌት በዚህ ከፍታ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት፤ ከሰዓት በኋላ 22 ዲግሪ ሲሆን ግን አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑም 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሳው። በሳሳ አየር ሞተሩም ፕሮፔለሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ለመነሳት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል፣ ሲወጣም ቀስ ይላል። ለዚህ ነው የቦሌ መንደርደሪያዎች 3,700 ሜትር ገደማ የሆኑት። የጠዋት በረራ ሁለተኛው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የቦሌ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፣ ባሕር ዳር ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይነሳና ወደ ግራ ይዞራል፤ ከምዕራብ ሲነፍስ መዞሪያው ያጥራል። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ ግን በዚህ ርቀት ላይ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ከፊት የሚመጣ 10 ኖት (በሰዓት 10 የባሕር ማይል) ነፋስ በጉዞው መካከለኛ ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይጨምርም።

ከተነሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ መውጣት ነው፣ ወደ 20 ሺህ ጫማ (6,100 ሜትር) ገደማ። ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ቀጥታ መስመር በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ድልድይ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ከቦሌ 138 ኪሎ ሜትር ላይ። ጎማው መሬት ከለቀቀ 18 ደቂቃ ያህል በኋላ ማለት ነው። መኪና ሸለቆውን ወርዶ ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ይፈጅበታል፣ የአየሩና የመሬቱ ርቀት የተለያየበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፤ መንገዱ ከወንዙ በኋላ በደብረ ማርቆስ በኩል ዞሮ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አውሮፕላኑ ግን ከድልድዩ በኋላ ወደ ጮቄ ተራራ ይቀጥላል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ መስመሩም ከሞላ ጎደል በላዩ ላይ ያልፋል፣ ከቦሌ 218 ኪሎ ሜትር ላይ።

ጮቄን እንዳለፈ ሞተሩ ድምፁን ይቀንሳል። መውረድ የሚጀምረው እዚህ ነው። የአብራሪዎች ስሌት ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 የባሕር ማይል ነው፤ ከ20 ሺህ ጫማ ባሕር ዳር ወዳለችበት 6,000 ጫማ አካባቢ ለመውረድ 42 ማይል፣ ፍጥነት ለመቀነስ ጥቂት ተጨምሮ 50 ማይል ያህል። ይህ 93 ኪሎ ሜትር ነው። ከ333 ኪሎ ሜትር ውስጥ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚበረው ግማሹን ያህል ብቻ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ኪው-400 ክንፉ ከላይ ነው፤ ስለዚህ ከየትኛውም መስኮት ወደ ታች ማየት ይቻላል፣ የሞተሩ አካል የሚጋርደው ረድፍ ቢኖርም። የሚያስጮኸው ፕሮፔለሩ አጠገብ ያለው የፊቱ ክፍል ነው፤ እንቅልፍ የሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀመጥ። የደቂቃ ሂሳብ የሚወድ ሰው ግን ከክንፉ ሥር ያለውን መስኮት ይያዝ። የዚህ አውሮፕላን ዋና ጎማዎች የሚታጠፉት ሞተሩ ባለበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ጎማው መሬት ሲለቅ፣ ለጥቂት ሰከንድ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ሲታጠፍና ክዳኑ ሲዘጋ በዓይን ይታያል። ለማረፍ ሲቃረብ ክዳኑ ይከፈታል፣ ጎማው ይወርዳል፣ አውሮፕላኑም የነፋስ ድምፅ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ መሬት እስኪነካ የቀረው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለቱን ቅጽበቶች በሰዓት የያዘ ሰው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያገኛል። የቀረው 10 እና 15 ደቂቃ የመሬት ላይ ጊዜ ነው፣ አብዛኛው የቦሌ።

የባሕር ዳር ማረፊያ ከከተማው በስተ ምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ደቂቃ በቂ ነው። ጠቅላላው፣ ከቦሌ አካባቢ ቤት ወጥቶ ባሕር ዳር ሆቴል እስኪገባ፣ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለዚህ ርቀት አሁንም አውሮፕላኑ ያዋጣል፤ በመኪና ሙሉ ቀን ነው።

2ኛ ቀን፦ ባሕር ዳር

በረራ የለም። የዛሬው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የነገውን በረራ ሰዓት እንደገና ማረጋገጥ። አጫጭር በረራዎች ላይ የሰዓት ለውጥ የተለመደ ነው፣ መልእክቱ የሚላከውም ትኬት ሲቆረጥ ለተሰጠው ስልክ ነው። ትኬቱን የቆረጠው ሌላ ሰው ወይም የጉዞ ወኪል ከሆነ መልእክቱ እዚያ ቀርቶ መንገደኛው ሳይሰማ ይቀራል።

3ኛ ቀን፦ ከባሕር ዳር ጎንደር

102 ኪሎ ሜትር። ይህ በረራ ከሁሉም አጭሩ ነው፣ አጭር በረራ ምን እንደሆነ የሚያስተምረውም እሱ ነው። 102 ኪሎ ሜትር 55 የባሕር ማይል ነው። ወደ 15 ሺህ ጫማ ለመውጣት 6 ደቂቃና 23 ማይል ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ለመውረድ 27 ማይል። ተደምሮ 50 ማይል። ቀጥ ብሎ የሚበረው 5 ማይል ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ። ከፍ ብሎ ለመብረር ቢሞከር መውጫና መውረጃው ከርቀቱ ይበልጣል። ጄት እዚህ ላይ ምንም የሚያተርፈው ነገር የለም። በአየር ላይ ከ17 እስከ 20 ደቂቃ፣ በትኬቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ።

መስመሩ ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳር ተነስቶ በሐይቁ ላይ ያልፋል። ከ100 ኪሎ ሜትሩ አብዛኛው ውኃ ነው። በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው የመንገዱ ሲሶ ላይ ሲደርስ ደቅ ደሴትን፣ ከአጠገቧም ዳጋን ያያል፤ በሰሜኑ ዳር ጎርጎራ፣ ከዚያ የደምቢያ ሜዳ። ካሜራ ለያዘ ሰው ከሁሉም በረራ ይህ የበለጠ ነው፣ አውሮፕላኑ ከፍ ስለማይል። ጠዋት ፀሐይዋ በስተቀኝ ስለሆነች የግራው መስኮት ለፎቶ ይመቻል።

አሁን መኪናውን እናወዳድር። መንገዱ ከሐይቁ ምሥራቅ በወረታና በአዲስ ዘመን ዞሮ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሦስት ሰዓት። በአየር ደግሞ ከሆቴል ማረፊያ 20 ደቂቃ፣ ቀድሞ መድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ በረራው ግማሽ ሰዓት፣ ሻንጣ መጠበቅ 15 ደቂቃ፣ ማረፊያው ካለበት ከአዘዞ ጎንደር ከተማ ግማሽ ሰዓት። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። በጊዜ ብቻ ከሆነ አውሮፕላኑ አይቀድምም። የሚወስነው የመንገዱ ሁኔታ ነው። መንገዱ ክፍትና ሰላማዊ መሆኑ በዕለቱ ጠዋት ከአካባቢው ሰው መጣራት አለበት፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም። ጥርጣሬ ካለ የአየር ጉዞውን መምረጥ ነው፣ የጊዜውን ሂሳብ ትቶ።

ባሕር ዳር ላይ ያለው የሙቀት ጉዳይም ይታሰብ። ማረፊያው 1,822 ሜትር ላይ ነው፣ ከቦሌ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ እንደ 2,700 ሜትር ይሆናል። ይህ የሚነካው ክብደትን ነው። ነዳጅ በማይሞላበት ማረፊያ የሚያርፍ አውሮፕላን የቀጣዩንም በረራ ነዳጅ ይዞ ይነሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ከሚፈቀደው ክብደት ላይ ይደርሳል። ያኔ የሚቀነሰው ጭነት ነው። ሻንጣ ሳይመጣ የሚቀርባቸው አብዛኞቹ አጋጣሚዎች ምክንያታቸው ይህ ነው፣ ሻንጣውም ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል። የታጉን ቁራጭ አለመጣል፣ ሻንጣው እንዳልመጣ ከታወቀም ከማረፊያው ሳይወጡ ማስመዝገብ ይገባል። ሆቴል ከገቡ በኋላ በስልክ ማስረዳት አድካሚ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ወንበር የሚያገኘው ከብዙ ሳምንት በፊት ከያዘ ነው። የመመለሻውም እንደዚያው፤ ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይወጣልና።

5ኛ ቀን፦ ከጎንደር ላሊበላ

አራተኛው ቀን ለጎንደር ከተማ ተትቷል፤ አብያተ መንግሥቱ ግማሽ ቀን አይበቃቸውም።

ከጎንደር ላሊበላ በአየር 179 ኪሎ ሜትር፣ በመኪና 360 ገደማ ነው። እጥፍ። መንገዱ ወደ ደቡብ ወረታ ድረስ ይመለስና በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ይዞራል፤ አውሮፕላኑ የበለሳን ቆላ አቋርጦ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። ከአራቱ በረራዎች አውሮፕላን ከመኪና ይልቅ አብልጦ የሚያዋጣው እዚህ ነው፣ በትኬት 40 ደቂቃ ገደማ፣ በመኪና ሙሉ ቀን። በቀኝ በኩል በጠራ ቀን የጉና ተራራ ይታያል፣ በግራ በኩል በሩቁ የስሜን ተራሮች።

ችግሩ ይህ ቀጥታ በረራ በየቀኑ አለመኖሩ ነው። በአንዳንድ ወቅት መስመሩ ጨርሶ ይታጠፍና ሁሉም ነገር በቦሌ በኩል ይሆናል። ያኔ ሂሳቡ ይለወጣል፦ ከጎንደር ቦሌ 419 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ ላሊበላ 332፣ በድምሩ 751። ከ179 ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በደቂቃ 64 ሲደመር 55፣ በመካከላቸው ያለው የቦሌ ቆይታ ሳይጨመር፤ በተግባር ግማሽ ቀን። ስለዚህ የጉዞው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዚህ አንድ በረራ ነው። መጀመሪያ የጎንደርና የላሊበላ ቀጥታ በረራ የትኛው ቀን እንዳለ ማየት፣ ከዚያ ሌሎቹን ቀናት በዙሪያው ማደላደል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ከመጀመሪያው ቀን እየጀመረ ይይዝና አምስተኛው ቀን ላይ ይጣበቃል።

ላሊበላ ላይ አየሩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማረፊያው ሹምሸሃ አካባቢ ባለው ሜዳ ላይ ነው፣ 2,000 ሜትር አካባቢ፤ ዙሪያውን ግን የላስታ ተራሮች ከበውታል። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ከማረፊያውም 30 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ተራራ በከበበው ማረፊያ ደመና ዝቅ ሲል አብራሪው ከተፈቀደው ከፍታ በታች መውረድ አይችልም፤ መንደርደሪያው በዚያ ከፍታ ካልታየው እንደገና ይወጣል። ትንሽ ዞሮ ይጠብቃል፣ ካልተከፈተ ወደ ሌላ ማረፊያ ይሄዳል ወይም ወደ ቦሌ ይመለሳል። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛ ይህ ዓይነቱ መመለስ ይበረክታል። ጠዋት ደግሞ የመሬት ላይ ጉም ሊኖር ይችላል፣ እሱ ግን ፀሐይ ሲወጣ ይገፈፋል፤ የጉም መዘግየት አንድ ሁለት ሰዓት ነው፣ የነጎድጓድ መዘግየት ግን ቀኑን ሊበላ ይችላል። የመንደርደሪያ መብራት በሌለበት ማረፊያ የመጨረሻው ገደብ የፀሐይ መግቢያ ነው፤ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የተመደበ በረራ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ወደ ነገ ተላለፈ ማለት ነው።

ካረፉ በኋላም ጉዞው አላለቀም። ከማረፊያው ከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሽቅብ፤ ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 500 ሜትር ያህል መውጣት አለ። ሚኒባስ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ከጎንደር የመጣው በረራ የፈጀውን ያህል። የሆቴል መኪና ከተያዘ የበረራውን ቁጥር ለአሽከርካሪው መስጠት ይሻላል፤ ሰዓት ብቻ የተነገረው ሰው በረራው ሲዘገይ ጠብቆ ሊሄድ ይችላል።

6ኛ ቀን፦ ላሊበላ

ይህ ቀን ለአብያተ ክርስቲያናቱ ነው፣ ለመዘግየትም ማካካሻ ነው። ትናንት በአየር ምክንያት ሳይገባ የቀረ ሰው ዛሬ ገብቶ ከሰዓት በኋላውን ያገኛል። ስድስተኛው ቀን ባይኖር አንድ ደመና ጉዞውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ለገና የሚሄዱ ደግሞ ሁለት ቀን ቀድመው ይግቡ፤ በዋዜማው የሚገባ በረራ ከተሰረዘ ሌላ ወንበር የለም፣ ቤዛ ኩሉም አይጠብቅም።

7ኛ ቀን፦ ከላሊበላ ቦሌ

332 ኪሎ ሜትር፣ 179 የባሕር ማይል። በመኪና በወልድያና በደሴ ከ640 እስከ 700 ኪሎ ሜትር። ለበረራው ከከተማው የሚወጣው ከመነሻው ሦስት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው፤ 45 ደቂቃ መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ማረፊያ ላይ፣ 15 ደቂቃ መጠባበቂያ። ትንሽ ማረፊያ ስለሆነ ወረፋ የለም ብሎ መዘግየት አይገባም። ፍተሻው አንድ መስመር ብቻ ከሆነና ሁለት የአስጎብኚ ቡድን ቀድሞ ከገባ 40 ሰው ከፊት አለ ማለት ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ በሰዓቱ ይዘጋል።

መስመሩ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የበሽሎ ሸለቆ ይታለፋል፤ በግራ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ መቅደላ አለ፣ አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. የወደቁበት አምባ። ሸለቆዎቹ እየተቆራረጡ እስከ ጀማ ወንዝ ይዘልቃሉ። የደብረ ሊባኖስ ገዳም ከመስመሩ ሥር ነው፤ ገዳሙ ሲታለፍ ቦሌ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፣ አውሮፕላኑም እየወረደ ነው።

ከባሕር ዳሩ በረራ ጋር እኩል ርቀት ሆኖ ይህኛው ብዙ ጊዜ የሚረዝመው መድረሻው ቦሌ ስለሆነ ነው። ከሰሜን የሚመጣ አውሮፕላን እንጦጦን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን፣ በበቂ ከፍታ አልፎ ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ ዞሮ ነው የሚሰለፈው። ከዓለም አቀፍ በረራዎች ጋር ተራ ይጠብቃል። መቆጣጠሪያ ማማው ፍጥነት እንዲቀንስ ወይም በአየር ላይ እንዲዞር ካዘዘ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይጨመራል። ካረፈ በኋላም መቆሚያው ሩቅ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ አውቶቡስ። ላሊበላ ላይ በሰዓቱ ተነስቶ ቦሌ 20 ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከቦሌ በዚያው ቀን ወደ ውጭ አገር የሚበር መንገደኛ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይተው፤ በክረምት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ገብቶ ቢያድር የተሻለ ነው። የአገር ውስጡና የውጪው በረራ በአንድ ትኬት ከተያዙ ሻንጣው እስከ መጨረሻው መድረሻ ታግ ሊደረግ ይችላል፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም አየር መንገዱ ወንበር ይፈልጋል። በሁለት የተለያየ ትኬት ከተያዙ ግን ሻንጣውን ከአገር ውስጥ ተርሚናል ራስ ተቀብሎ፣ ወጥቶ፣ በዓለም አቀፉ በር እንደ አዲስ መንገደኛ መግባት ነው፤ ፍተሻ፣ ቼክ-ኢን፣ ኢሚግሬሽን። ለዚህ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዝለት።